መጀመሪያ ስሙን ንገረኝ

ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች የሕግ ትምህርት ተጀምሮ የተጠናቀቀው በአራት ወር ተኩል ነው። ማርች 30 ቀን 2023 ኒውዮርክ ላይ አንድ፣ ጁን 8 ፍሎሪዳ ላይ ሁለት፣ ኦገስት 1 ዋሽንግተን ላይ ሦስት፣ ኦገስት 14 ጆርጂያ ላይ አራት (ቀኑን በፈረንጆቹ የምቆጥረው ጉዳዩ የእነሱ ስለሆነ ነው)። ዶናልድ ትራምፕ በአራት መዝገብ 91 ክስ ሲሸከሙ፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወገኔ ዘጠና አንዱንም ከነአንቀጹ ተሸከመ። የፓርኪንግ ቅጣት በፖስታ ሲመጣበት ፖስታውን ለመክፈት ሱባኤ የሚገባ ሰው፣ ግራንድ ጁሪ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ የፌዴራሉ ክስ ከስቴቱ በምን እንደሚለይ፣ ፕሬዚዳንት ራሱን በራሱ ይቅር ማለት ይችል እንደሆነ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ያስረዳ ጀመር።

ትምህርቱ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ መድረሻው አንድ ጥያቄ ነበር። «ለመሆኑ ለምን አሁን?» ይላል አስተማሪው፣ ስኒውን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ። ይህን የሚጠይቅ ሰው መልስ አይጠብቅም፤ ወዲያው ራሱ ይመልሳል። «ምርጫ ደርሷላ!» ከዚያ በኋላ መዝገብ ማገላበጥ፣ ማስረጃ መመርመር፣ ተከሳሹ አደረገ የተባለውን ያድርግ አያድርግ ማጣራት የሞኝ ሥራ ይሆናል።

ሙግት የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ባልገረመኝ። አያቶቻችን በበላ ልበልሃው ዘመን ነጠላቸውን አሸርጠው፣ በዘንጋቸው መሬት እየደቁ፣ «በቅሎ እሰጥ!» እያሉ ይሟገቱ ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታንገበግባቸው ነበር። እኔን ከዚያ ሁሉ ሥርዓት የሚማርከኝ የመንገድ ዳኛው ነው። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ፣ ፍረደን» ብለው ያስቆሙታል፤ እሱም አህያውን አስሮ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ለዳኝነት ካበቁት ነገሮች ትልቁ ሁለቱንም አለማወቁ ነው። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው መሆናቸውን ሳይጠይቅ ቃላቸውን ሰምቶ ይፈርዳል፤ አህያውን ፈትቶ መንገዱን ይቀጥላል። የልጅ ልጆቹ እኛ ደግሞ ስሙን ካልነገሩን ወንጀሉን መስማት አንፈልግም።

እስቲ ቀን መቁጠሪያውን እንየው። «ምርጫ ሲቃረብ» የሚባለው መቼ ነው? አሜሪካኖች በየሁለት ዓመቱ ይመርጣሉ፤ የአንዱ ምርጫ ድምፅ ተቆጥሮ ሳያልቅ ለቀጣዩ መዋጮ ይጠየቃል። ኖቬምበር 8 ቀን 2022 የምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 15፣ ትራምፕ ገና ሁለት ዓመት ለሚቀረው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዕጩ ነኝ አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 18፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሜሪክ ጋርላንድ፣ ሰውየው ዕጩ ስለሆኑ፣ አለቃዬ ባይደንም የመወዳደር ሐሳብ ስላላቸው ምርመራውን እኔ ባልይዘው ይሻላል ብለው ጃክ ስሚዝ ለሚባሉ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሰጡት። በእነዚህ ሦስት ቀናት ሰበብ ስንት ጀበና እንደወረደ! አንደኛው «አየህ፣ ዕጩ ነኝ ባለ በሦስተኛው ቀን ዐቃቤ ሕግ ላኩበት» ይላል። ሌላኛው «አየህ፣ ክሱ ሲሸተው ቀድሞ ዕጩ ነኝ አለ» ይላል። ሁለቱም ጣታቸውን የሚቀስሩት እዚያችው የኖቬምበር ገጽ ላይ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ምርጫው ወደ ሰውየው ከመቅረቡ በፊት ሰውየው ወደ ምርጫው ቀርበዋል፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ሕግ አያስጠይቅም። (በእኛ አቆጣጠር ቢሆን የኒውዮርኩ ክስ በ2015፣ ምርጫው በ2017 ስለሚውል ሁለት ዓመት ይራራቁ ነበር። ለዐቃቤ ሕጎቹ ይህን የነገራቸው የለም።)

የቀን ጨዋታው የለየለት በዋሽንግተኑ መዝገብ ነው፤ የ2020ውን ምርጫ ውጤት ለመገልበጥ አሲረዋል በሚለው። ዐቃቤ ሕግ ችሎቱ ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ይጀመር አለ። የትራምፕ ጠበቆች ሰነዱ ተነቦ አያልቅም፣ ኤፕሪል 2026 ይሁንልን አሉ፤ ከምርጫው ማዶ፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አልፎ። ዳኛዋ ታንያ ቸትካን ማርች 4 ቀን 2024 ብለው ቆረጡ። ማግስቱ ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን የፓርቲ ዕጩ የሚመርጡበት ታላቁ ማክሰኞ ነበርና «ይኸው!» የሚለው ጩኸት በረታ። ከዚያ ደግሞ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለሠራው ሥራ ይከሰሳል ወይስ አይከሰስም የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተጉዞ መልሱ ጁላይ 1 ቀን 2024 መጣ። ያኔ በእርግጥም ምርጫ ደርሷል። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ምርጫው ይቀርባል፤ ምርጫው በቀረበ ቁጥር «እንዴት በምርጫ ሰሞን!» የሚለው አቤቱታ ይጠነክራል። አገር ቤት የወሰን ክርክር ያለበት ሰው ይህን ጥበብ ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም። መዝገቡ ኖቬምበር 25 ቀን 2024 ያለ ፍርድ ተዘጋ፤ ሰውየው ተመርጠዋል፣ በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዚዳንት መክሰስ ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴሩ የቆየ አቋም አይቻልም።

ይህን ስል የወዲያኛው ጠረጴዛ እንዳይደሰት። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 በካፒቶል የሆነውን ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል፤ ክሱ የመጣው ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። «ለምን አሁን?» ለሚለው ቅን መልሱ «እውነትህን ነው፣ ቀደም ብሎ መሆን ነበረበት» የሚል ነው። የትራምፕ ጠላት የሆነ ሰው ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ እስካሁን አልሰማሁም።

የኒውዮርኩ መዝገብ ደግሞ ከሁሉም ያስቸግራል። አንዲት የወሲብ ፊልም ተዋናይ ስለ ትራምፕ እንዳታወራ 130 ሺህ ዶላር የተከፈላት በኦክቶበር 2016፣ ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩ ነው። ክሱ የተመሠረተው በ2023 ነው። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ በዚያው ክፍያ የትራምፕን ጠበቃ ለእስር ሲያበቃ፣ ትራምፕን ራሳቸውን ሳይከስስ አልፏቸዋል። የማንሃተኑ ዐቃቤ ሕግ አልቪን ብራግ ደግሞ በዴሞክራት ፓርቲ ስም ተወዳድረው በ2021 የተመረጡ ናቸው። ዐቃቤ ሕግ ስሙን በሰሌዳ አጽፎ «ምረጡኝ» በሚልበት አገር ተቀምጦ «ክሱ ፖለቲካ ይኖርበት ይሆን?» ብሎ መጠራጠር ትንሽ ዘግይቷል። ፖለቲካው ከሹመቱ ጋር አብሮ የገባ ነው። እኔ በዚህ መዝገብ «ለምን አሁን?» ለሚል ሰው ግማሽ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ። ግማሹን የምነፍገው፣ የተባለው ጥፋት ክፍያውን በሐሰት ሰነድ መሸፈን፣ ዓላማውም በምርጫ ዋዜማ ከመራጩ ነገር መደበቅ በመሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ 12 ተራ ሰዎች ምስክር ሰምተው፣ ሰነድ አይተው፣ ሜይ 30 ቀን 2024 በአንድ ድምፅ በ34ቱም ክስ ጥፋተኛ ብለዋል።

የቀረችው ቅጣቷ ነበረች። ዳኛው ሁዋን መርቻን ከምርጫው በፊት ብናገር ፖለቲካ ይመስላል ብለው ቀጠሮውን ከምርጫው ወዲያ ወሰዱት። ፍርድ ቤት ከምርጫ ጋር ንክኪ እንደሌለው ለማሳየት የምርጫ ቀን አይቶ ቀጠሮ ቀየረ ማለት ነው! በመጨረሻም ጃንዋሪ 10 ቀን 2025፣ ቃለ መሐላው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ጥፋተኝነቱ ጸንቶ እስርም መቀጮም ሳይኖር ተዘጋ። በዚያን ቀን በቡና ቤቱ ሁለቱም ወገን አሸንፎ ወደ ቤቱ ገባ።

ያ ሁሉ ሲሆን የአንደኛው ጠረጴዛ መፈክር «ከሕግ በላይ ማንም የለም» የሚል ነበር። መልካም መፈክር ነው፤ ችግሩ ሃንተር ባይደን መጡበት። የፕሬዚዳንቱ ልጅ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሱሳቸው ዋሽተው ሽጉጥ ገዝተዋል ተብለው፣ አባታቸው በሚመሩት መንግሥት የፍትሕ ሚኒስቴር ተከሰው፣ ምርጫው አምስት ወር ሲቀረው ጁን 11 ቀን 2024 ጥፋተኛ ተባሉ። የሌላኛው ጠረጴዛ ለወራት «የፍትሕ ሚኒስቴሩ የባይደን በትር ነው» ሲል ከርሞ፣ በትሩ በባለቤቱ ልጅ ላይ ሲያርፍ ለአፍታም አልደነገጠም። «ለማስመሰል ነው» አለ። ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ባይደን ለልጃቸው ይቅርታ ሰጡ፤ ምክንያታቸውም በክሱ ውስጥ ፖለቲካ ገብቶበታል የሚል ነበር። ከዚያ በፊት ይቅርታ አላደርግለትም ብለው ነበር። መፈክረኞቹ ምን አሉ? አንዲት ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ እናት፣ ዓመቱን ሙሉ ስለ ሕግ የበላይነት ሲያስተምሩን የነበሩት፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «ውይ፣ አባት እኮ ነው!» አሉ። ማን ይከራከራቸዋል?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገበታው ሲከበብ እኔም ነገር አመጣሁ። «ስም ሳልጠራ አንድ ክስ ልንገራችሁ፤ ፍረዱ» አልኩ። «አንድ ሽማግሌ ሴናተር ነበሩ፤ 40 ዓመት ያህል ወንበሩ ላይ ቆይተዋል። በምርጫው ዓመት ጁላይ ላይ፣ ቤታቸውን ያደሰላቸው ኩባንያ የሰጣቸውን ስጦታ አላስመዘገቡም ተብለው ተከሰሱ። ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ጥፋተኛ ተባሉ። ከአራት ሺህ ባነሰ ድምፅ ተሸነፉ። ፖለቲካ ነው ወይስ ሕግ?»

«ማን ናቸው?» አለ አንዱ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ።

«ስም አልጠራም ብያለሁ።»

«ፓርቲያቸውን ብቻ።»

«እሱንም አልናገርም።»

«እሺ፣ ያኔ ፕሬዚዳንቱ ማን ነበር?»

በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ ተቆጡ። «ይሄ እንቆቅልሽ እንጂ ዳኝነት አይደለም! በል ቴክሳስን ሰጥተንሃል፣ ንገረን።»

ቴክሳስን ተቀብዬ ነገርኳቸው። የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ናቸው፣ በ2008፤ ሪፐብሊካን። «በቃ! ዴሞክራቶቹ ናቸዋ!» አለ ቀኙ ወገን፣ ቃሉ ከአፌ ሳያልቅ። ፕሬዚዳንቱ ግን ጆርጅ ቡሽ ነበሩ፤ የከሰሳቸው የራሳቸው ፓርቲ መንግሥት ነው። «እንግዲያው አጥፍተዋል ማለት ነው፤ የራሳቸው ሰዎች ከከሰሷቸው» አለ ግራው ወገን። እሱንም አላስኬድኩትም። ዐቃቤ ሕጎቹ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ ደብቀው ተገኙ፤ በኤፕሪል 2009 መዝገቡ እንዲሰረዝ የጠየቁት የኦባማ የፍትሕ ሚኒስትር ኤሪክ ሆልደር ናቸው፤ ዳኛው ኤሜት ሱሊቫንም ጥፋተኛ የተባሉበትን ውሳኔ ሽረው ዐቃቤ ሕጎቹ እንዲመረመሩ አዘዙ። እንዲያውም ችሎቱ ከምርጫው በፊት እንዲፈጠን የለመኑት ስቲቨንስ ራሳቸው ነበሩ፤ ስሜን አጥርቼ ለመራጮቼ ልቅረብ ብለው። ገበታው ዙሪያ ያለው ሁሉ እኔን አፈጠጠብኝ። «ይሄን ነገር ከየት ነው ያመጣኸው?» አለኝ አንዱ፤ ማስረጃ የደበቅኩት እኔ ነኝ?

የስቲቨንስ ጉዳይ ለጨዋታ የማይመቸው ሴራ ስለሌለበት ይመስለኛል። ለማሸነፍ የተጣደፉ፣ ሥራቸውን ያበላሹ ዐቃቤ ሕጎች እንጂ ከጀርባ ቆሞ የሚያዝ ሰው አልተገኘበትም። እኛ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይላችን የጠፋብን፣ ስማችን ተሳስቶ የተጻፈብን፣ በሌላ ሰው ዕዳ የተጠራን ሰዎች ነን፤ በየቀኑ የምናየውን የሥራ ብልሽት ለታላላቆቹ ግን አንፈቅድላቸውም። ባለሥልጣን ሲሳሳት አስቦበት መሆን አለበት። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ አለመቻላችን ነው። «ከሳሹ ተንኮል አለበት፤ ተከሳሹም አጥፍቷል» ብላችሁ ብትሞክሩ ከሁለቱም ጠረጴዛ ትባረራላችሁ።

ጄምስ ኮሚን ላንሳ። የኤፍቢአይ ኃላፊ ሳሉ ኦክቶበር 28 ቀን 2016፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ የሂላሪ ክሊንተንን የኢሜይል ጉዳይ እንደገና እያየሁ ነው ብለው ለምክር ቤቱ ጻፉ። በፍትሕ ሚኒስቴሩ ምርጫ ሲቃረብ ነገር አለመቀስቀስ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙዎች 60 ቀን ያህል ብለው ይቆጥሩታል። ያን ቀን «ለምን አሁን?» ያለው የክሊንተን ወገን ነበር። በዚያው ዓመት በክሊቭላንዱ የሪፐብሊካን ጉባኤ «እሰሯት!» ሲል የነበረው ወገን ደግሞ ሕግ ቀን አይመርጥም አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሁለቱ መዝሙር ተለዋወጡ፤ ዜማው እንኳ አልተለወጠም። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ደግሞ ኮሚ ራሳቸው ተከሰሱ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ለፍትሕ ሚኒስትራቸው ምን ትጠብቂያለሽ የሚል መልእክት ዓለም በሚያየው ገጻቸው ላይ ለጥፈው ነበር። ኖቬምበር 24 ክሱ ወደቀ፤ የከሰሱት ዐቃቤ ሕግ የተሾሙት በሕጉ መሠረት አይደለም ተብሎ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሰሞን የፕሬዚዳንት ምርጫ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ኮሚም ዕጩ አልነበሩም። ፖለቲካን በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚያድን ሰው ይህ ሲያልፍ አላየውም። አዛዡ አደባባይ ወጥቶ ሲያዝ ምን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል?

እስቲ ደግሞ ክስ ዕጩን ይጎዳል ያለው ማነው? ትራምፕ ኦገስት 24 ቀን 2023 ጆርጂያ እስር ቤት የተነሱት ፎቶግራፍ በኩባያና በካናቴራ ላይ ታትሞ ተቸበቸበ፤ በጥቂት ቀናት ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰብን ያለው የትራምፕ የምርጫ ቡድን ራሱ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በ2013 ኡሁሩ ኬንያታና ዊልያም ሩቶ ከሄጉ ፍርድ ቤት ክስ ጋር ተወዳድረው አሸንፈዋል፤ የውጭ ሰዎች ሊመርጡልን ነው የሚለው ቅስቀሳ ሠርቶላቸዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ በሥልጣን ላይ ያለ መሪ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አይከሰስ አሉ። ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች በአንድ ድምፅ የሚስማሙበት ነገር እምብዛም አይገኝምና ቀኑ ሊታወስ ይገባዋል።

የእስራኤሉን አጭር አደርገዋለሁ። ቤንያሚን ኔታንያሁ፣ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ኦልመርት በ2008 ሲመረመሩ፣ እስከ አንገቱ ምርመራ ውስጥ የገባ መሪ አገር የመምራት ሞራል የለውም ብለው ነበር። በ2019 ክሱ በራሳቸው ላይ መጣ፤ ያመጣው ቀድሞ የካቢኔያቸው ጸሐፊ የነበረው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 እስራኤል አምስት ጊዜ መርጣለች። «ምርጫ ካልራቀ አትክሰስ» ቢባል ዐቃቤ ሕጉ ቢሮውን ዘግቶ ኢላት ባሕር ዳር መተኛት ነበረበት። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ሲደውሉልኝ በዚህ ጉዳይ የሚጣሉት ባልና ሚስት ጭምር ናቸው፤ በአማርኛ ተጀምሮ በዕብራይስጥ የሚያልቅ ጠብ።

አገር ቤት ስንደርስ ግን ሳቁ ይቀንሳል። ይህን በራሳችን አቆጣጠር ልበለው። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዋ ብርቱካን ሚደቅሳ ታኅሣሥ 2001 ዳግም ታሰሩ፣ የግንቦት 2002 ምርጫ እስር ቤት ሳሉ አለፈ፣ መስከረም 2003 ተፈቱ። በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በሰኔ 2012 ከዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ፖለቲከኞቹ እነጃዋር መሐመድና እነእስክንድር ነጋ ታሰሩ። እስክንድር በሰኔ 2013 ምርጫ ከእስር ቤት ሆነው ዕጩ የሆኑት በሰበር ሰሚ ችሎት ትእዛዝ ነው። በምርጫ ሰሞን ታስረው የነበሩት ሴት የመሩት ምርጫ ላይ በምርጫ ሰሞን የታሰረ ዕጩ ቀረበ። በ2014 ገና ዕለት ክሱ ተቋርጦ ሁሉም ተፈቱ። ያኔ አንዱ ጠረጴዛ ስለ እስክንድር «የፖለቲካ እስረኛ»፣ ስለ ጃዋር «ወንጀለኛ» ይል ነበር። ሌላው ጠረጴዛ ያንኑ ገልብጦ ይል ነበር። መዝገቦቹን ያነበበ ከሁለቱም ጠረጴዛ አልገጠመኝም፤ የታሰሩበት ሰሞን አንድ፣ የተፈቱበት ቀን አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ግን እንደ ጠረጴዛው ነበር።

ለዚህ ለወገን መለዋወጥ ዋንጫ ቢኖር ለብራዚል እሰጠው ነበር፤ ኳሱን ትተን ማለቴ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ በጁላይ 2017 በሙስና ጥፋተኛ ተባሉ፤ በኤፕሪል 2018 በሕዝብ አስተያየት መጠይቆች እየመሩ ሳለ ታሰሩ፤ ከውድድር ታገዱ፤ ዣዬር ቦልሶናሮ አሸነፉ። የፈረዱት ዳኛ ሰርጂዮ ሞሮ ካባቸውን አውልቀው የቦልሶናሮ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። ያኔ ግራው «የፖለቲካ ፍርድ» ሲል፣ ቀኙ ብሔራዊውን ቢጫ ማሊያ ለብሶ «ሕግ ሕግ ነው» ይል ነበር። እኔም ዳኛ ከፍርድ ወንበር ተነስቶ በፍርዱ የተጠቀመው ሰው ካቢኔ ውስጥ ሲቀመጥ ካየሁ በኋላ ቀን መቁጠሪያ አላገላበጥኩም። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፤ ሞሮም ገለልተኛ አልነበሩም አለ። በ2022 ሉላ ተመረጡ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ደግሞ ቦልሶናሮ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ 27 ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባቸው። በዚያችው ሰዓት ቢጫ ማሊያው «የፖለቲካ ፍርድ» ማለት ጀመረ፤ ግራውም «ሕግ ሕግ ነው» አለ።

ከዋሽንግተን ደግሞ አንድ የቀድሞ ተከሳሽ ለወዳጃቸው ደረሱ። ትራምፕ በጁላይ 2025 የቦልሶናሮ ክስ ማሳደድ ነው ብለው በብራዚል ዕቃ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ አስታወቁ፤ ቡናም ቀረጡ ውስጥ ገባ። ዳኞቹ ፈረዱ፤ ቡናው ተወደደ፤ በኖቬምበር የቡናው ቀረጥ ተነሳ፤ ቦልሶናሮም በዚያው ወር ቅጣታቸውን ጀመሩ። በዲሴምበር ልጃቸው ሴናተር ፍላቪዮ ቦልሶናሮ፣ አባቴ መርጠውኛል፣ በኦክቶበር 2026 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ አሉ። ከእንግዲህ ብራዚሊያ ውስጥ መኪናቸውን ያለ ቦታው አቁመው ቢቀጡ፣ ትራፊኩ የማን ደጋፊ እንደሆነ ከመጣራቱ በፊት ቅጣቱን የሚከፍል አይኖርም።